የወይዘሮ ባሎቴ ተናጋሪ ሳጥን

አንድ ለኮምፒውተር ፕሮግራም በመጻፍ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ ስሙ ምናሴ ይባላል። ሥራው በስክሪን ላይ የሚያምር ነገር መሥራት አልነበረም። ሲ በሚባለው ዕድሜ ጠገብ የፕሮግራም ቋንቋ ለትንንሽ መሣሪያዎች ትእዛዝ ይጽፋል። የውኃ መሳቢያ ሞተር መቼ እንደሚነሣ፣ የወተት ማቀዝቀዣ መቼ እንደሚጠፋ የሚወስነው እሱ የጻፈው ነው። ሰዎች ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁት ማስረዳቱ ስለሚያደክመው “ማሽን አስተምራለሁ” ብሎ ያልፋቸው ነበር።

ሚስቱ ሰናይት የጂኦግራፊ መምህርት ናት። አባቷ ካረፉ በኋላ እናቷ ወይዘሮ ባሎቴ መጥተው ከእነሱ ጋር መኖር ጀመሩ። ምናሴ አማቱን የሚወዳቸው ለወጉ ያህል አልነበረም። ሰናይትን ለማግባት ሽማግሌ በላከ ጊዜ የአባቷ ዘመዶች “ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲነካካ የሚውል ሰው ሥራ አለው ይባላል?” ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ከጓዳ ብቅ ብለው “ልጁ ሲናገር ዓይን ዓይን እያየ ነው፤ ለእኔ ይበቃኛል” ያሉት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ “አማቼ” ብለውት አያውቁም፤ “ልጄ” ነው የሚሉት። ከሥራ ሲመለስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ፊቱን አይተው ቀኑ እንዴት እንደዋለ ያውቁ ነበር።

ዓይናቸው ግን መድከም ጀመረ። መጀመሪያ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጩ። ሰንበት ብሎ ደግሞ አጠገባቸው የተቀመጠውን ብርጭቆ ሳያዩት በክንዳቸው ገፍተው ሰበሩት። ሐኪም ዘንድ ሲወስዷቸው ሕመሙ ግላኮማ ሆኖ ተገኘ።

“የጠፋው እይታ አይመለስም እማማ” አለቻቸው ሐኪሟ። “የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል። ጠብታው ረፋድና ማታ፣ በሰዓቱ መግባት አለበት። ሲዘለል የዓይኑ ግፊት ይጨምራል፤ ሳይታወቅዎት እይታዎን ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል።”

የማታውን ጠብታ ሰናይት ታደርግላቸዋለች። ያስቸገረው የረፋዱ ነበር። በዚያ ሰዓት ባልና ሚስቱ ሥራ ላይ ናቸው፤ ወይዘሮ ባሎቴ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው፤ የግድግዳውን ሰዓት ማንበብ አቅቷቸዋል። ምናሴ ለዚህ ነገር ራሱ መላ ሊፈልግለት ቆረጠ።

ከአንዲት ትንሽ ኮምፒውተርና ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ አንድ ሳጥን ሠራ። በሳጥኑ ላይ በእጅ ተዳብሶ የሚገኝ አንድ ትልቅ ቁልፍ አለ። የረፋዱ ጠብታ ጊዜ ሲደርስ ሳጥኑ ይደውልና “እማዬ፣ የጠብታ ሰዓት ደርሷል” ይላል። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋልና፣ ያን ጊዜ ቁልፉን ሲነኩት ቀስ እያለ ይቆጥርላቸዋል። በሌላ ጊዜ ከነኩት ደግሞ ቀጣዩ ጠብታ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይነግራቸዋል። ድምፁ የሰናይት ነው። ምናሴ ቃላቱንና ቁጥሮቹን ለየብቻ ቀድቶ፣ ፕሮግራሙ እያነሣ እንዲገጣጥማቸው አደረገ።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲጻፍ ታዲያ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ የሚጠቀምበት ሰው ነገሩን እንዴት ይፈልገዋል? በምን ቋንቋ ይነገረው? ሰዓቱስ በምን አቆጣጠር ይሁን? በሲ ቋንቋ ለዚህ የተዘጋጀ ነገር አለ። ላይብረሪ ይሉታል፤ ሌሎች አስቀድመው ጽፈው ያስቀመጡት፣ ሁሉም እየጠራ የሚገለገልበት የጋራ ንብረት ነው። ፕሮግራሙ “ተጠቃሚው ምን መረጠ?” ብሎ ይጠይቀዋል። ላይብረሪው ምርጫ ሊቀመጥባቸው የሚችሉትን ቦታዎች በየተራ ያይና መልስ ይዞ ይመጣል። አንድ ጠባይ ግን አለበት። ፈልጎ ሲያጣ “አላገኘሁም” አይልም። ማንም ምንም ባልመረጠ ጊዜ የሚሠራበት የራሱ ልማድ አለው፤ እሱን የሰው ምርጫ አስመስሎ ይሰጣል። በዚያ ልማድ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ነው።

ምናሴ ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ነገር ግን ሳጥኑን ሳያስቡት ሊሰጣቸው ስለጓጓ፣ አማቱን ምንም ሳይጠይቅ ጻፈው። ፕሮግራሙ ላይብረሪውን ጠየቀ፤ ላይብረሪው መለሰ፤ ነገሩ ሠራ። እሱ ራሱ ባሕር ማዶ ካሉ ደንበኞች ጋር ስለሚሠራ ስልኩም የእጅ ሰዓቱም የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ሲሞክረው ጆሮውን የቆረቆረው ነገር አልነበረም።

ሳጥኑን አምጥቶ ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጥላቸው ወይዘሮ ባሎቴ በሁለት እጃቸው ዳበሱት። ቁልፉን ነኩት፤ የልጃቸው ድምፅ ወጣ።

“ሰናይት ናት እንዴ እዚህ ውስጥ ያለችው?”

“ድምፅዋ ነው እማማ። እሷ ሥራ ስትሄድ ድምፅዋ ከእርስዎ ጋር ይዋል ብዬ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ሳጥኑ ሳይነግርዎት ጠብታውን እንዳያደርጉት። ተደርቦ ከገባ ይጎዳል።”

“እሱ ሳይል አልነካውም። እንግዲህ በእርጅናዬ ሌላ ልጅ መጣልኝ” አሉና ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ሳጥኑን የሚጠሩት “ልጁ” እያሉ ሆነ።

ወይዘሮ ባሎቴ በማግሥቱ ጠዋት ሲነሡ ቁልፉን ነኩት። ሳጥኑ “ቀጣዩ ጠብታ በአሥር ሰዓት ነው” አለ። ላይብረሪው አሥር ያለው እኛ ረፋድ አራት ሰዓት የምንለውን ነው። እሳቸው ግን የሰሙት የተባለውን ነው፤ አሥር ሰዓት፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል። ሐኪሟ ረፋድ ብትልም ሰዓቱን ምናሴ አውቆ የቀየረው መስሏቸው፣ ገና ብዙ ጊዜ አለኝ ብለው ነጠላቸውን ጣል አድርገው፣ አጥሩን እየያዙ፣ ጎረቤታቸውን ወይዘሮ የውብዳርን ሊጠይቁ ሄዱ። የውብዳር ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ በጄሶ ታስረው ተኝተው ነበር፤ ያለ ወይዘሮ ባሎቴ ቀኑ አልመሽ ይላቸዋል። ረፋድ ላይ ሳጥኑ ባዶ ቤት ውስጥ ደወለ። “እማዬ፣ የጠብታ ሰዓት ደርሷል” አለ፤ መልስ የሚሰጠው ሲያጣ ዝም አለ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰው አጠገቡ ተቀምጠው ጠበቁ። ሳጥኑ ምንም አላለም። ቁልፉን ቢነኩት “ቀጣዩ ጠብታ በአሥር ሰዓት ነው” አላቸው፤ እሱ የሚያወራው ስለ ነገ ነው። እሳቸውም እሺ ብለው ጠበቁ፤ መሸ። ቀን እየተካ ነገሩ በዚሁ ቀጠለ። አንዳንዴ ዝናብ ሆኖ ከቤት ሳይወጡ ሲቀሩ ሳጥኑ ረፋድ ላይ በድንገት ይጠራቸዋል፤ ያን ጊዜ ጠብታቸውን ያደርጋሉ።

“ልጁ ጠባዩ ይለዋወጣል” ብለው ለየውብዳር አጫወቷቸው። “ሲፈልግ ይጠራኛል፤ ሳይፈልግ ደግሞ ዝም ይለኛል።”

“ታዲያ ለሠራው ሰው አትነግሪውም?”

“ስንት ቀን ተቀምጦ የደከመበትን! ‘አይሠራም’ ብዬ ልቡን ልስበረው?”

ምናሴ ማታ ሲገባ “እማማ፣ ሳጥኑ እንዴት ነው?” ይላል።

“ደህና ነው ልጄ። ድምፁ ደስ ይላል።”

ድምፁ እውነትም ደስ ይል ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደርሶ ምናሴ ሐኪም ቤት ይዟቸው ሄደ። ሐኪሟ መርምራ ስትጨርስ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። ግፊቱ ጨምሯል፤ የቀኝ ዓይናቸው እይታ ከዳር በኩል ካለፈው ጠብቧል።

“የረፋዱ ጠብታ በሰዓቱ እየገባ ነው?” ብላ ጠየቀች።

ምናሴ ስለ ሳጥኑ ሊነግራት አፉን ሲከፍት ወይዘሮ ባሎቴ ቀደሙት። “ጥፋቱ የእኔ ነው” አሉ። “አሮጊት ነኝ፤ እዘነጋለሁ። ልጆቹ ምንም አላጎደሉብኝም።”

ወደ ቤት ሲመለሱ ምናሴ መኪናውን እየነዳ ብዙም አልተናገረም። እውነቱን ለመናገር በሆዱ ቅር ብሎታል። ያን ሁሉ ደክሞ ሠርቶላቸው እንዴት ይዘነጋሉ? እሳቸው ደግሞ ከጎኑ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ያፍተለትላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ “ተቆጣህ እንዴ?” አሉት። “ኧረ አልተቆጣሁም እማማ” አለ። ፊቱን አጥርተው ማየት ስለማይችሉ አመኑት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ምናሴ ከቤት ሳይወጣ ቀረ። ወይዘሮ ባሎቴ እንደ ልማዳቸው ጠዋት ተነሥተው ቁልፉን ነኩት። “ቀጣዩ ጠብታ በአሥር ሰዓት ነው” አለ ሳጥኑ።

“መልካም፤ እስከዚያ የውብዳርን አይቻት እመጣለሁ” አሉና ነጠላቸውን አነሡ።

ምናሴ የያዘውን ስኒ አስቀመጠ። “እማማ፣ አሥር ሰዓት የሚለው መቼ ማለት ነው?”

ወይዘሮ ባሎቴ ሳቁ። “አሥር ሰዓት አሥር ሰዓት ነዋ። ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ።”

ምናሴ “ዛሬ ትንሽ ይቆዩ፤ አብረን እንጠብቀው” አላቸው። ተቀመጡ። ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ሳጥኑ ደወለና በሰናይት ድምፅ ተጣራ። ወይዘሮ ባሎቴ ደንገጥ ብለው ፊታቸውን መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ፣ ቀጥለው ወደ እሱ አዞሩ።

“በየቀኑ በዚህ ሰዓት ነው የሚጠራኝ?”

“አዎ እማማ። አሥር የሚለው እኛ አራት የምንለውን ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።”

እጃቸውን ዘርግተው ሳጥኑን ደባበሱት። “ምስኪን” አሉ፤ “ባዶ ቤት ሲጣራ ኖሯል።”

አንዲትም የወቀሳ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ለምናሴ ይህ ከወቀሳ የባሰ ሆነበት። ወደ ክፍሉ ገብቶ ፕሮግራሙን ከፈተና፣ ላይብረሪው እስከ ዛሬ ምን እያለ ሲመልስለት እንደነበር እንዲያሳየው አዘዘው። መልሱ አንዲት ፊደል ብቻ ናት፤ “ሲ”። ከፕሮግራሙ ቋንቋ የወረሰው የዚያ ልማድ ስም ነው። ማንም የመረጠ ሰው የለም ማለት ነው። ከአማቱ እይታ ያን ያህል የጎደለው አንድ ጥያቄ ባለመጠየቁ ነበር።

ሰው ጥፋቱ ሲገባው አንዳንድ ጊዜ አብዝቶ መካስ ይፈልጋል። ምናሴም እንዲሁ ሆነ። ሰዓቱን ማስተካከል ብቻውን አነሰበት። ላይብረሪው ከንጋት የሚጀምር ሰዓት ስላልነበረው አቆጣጠሩን ራሱ ጻፈው። ከዚያ ደግሞ እንዲህ ሲል አሰበ፤ እማማ የተወለዱት ወላይታ ነው። አፋቸውን የፈቱት በወላይትኛ ነው። እዚህ ቤት ግን በቋንቋቸው የሚያናግራቸው አንድ ሰው የለም። ሁሉንም ለምን ወደ ወላይትኛ አልቀይርላቸውም? መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አበራሽ የምትባል የወላይታ ሶዶ ልጅ ነበረች። ነገሩን ሲያጫውታት ደስ ብሏት ቃላቱንም ቁጥሩንም ቀረጸችለት። ምናሴ ሲሠራው ፈገግ እያለ ነበር። አሁንም ለማንም አልተናገረም፤ ሳያስቡት ሊያስደስታቸው ፈለገ።

ወይዘሮ ባሎቴ ቁልፉን ሲነኩት ምናሴ ቆሞ ፊታቸውን ያይ ነበር። አንዲት የማያውቋት ሴት በወላይትኛ ጠብታው በስንት ሰዓት እንደሆነ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ባሎቴ እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡ።

“ገባዎት እማማ?”

“እንዴት አይገባኝ? የአገሬ ቋንቋ አይደል” አሉ። “እግዜር ይስጥልኝ።” ተነሥተውም ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ምናሴ ደስታው እንዳይታይባቸው የገቡ መሰለው።

ከዚያን ቀን በኋላ ጠብታው በሰዓቱ መግባት ጀመረ። የቤቱ ጠባይ ግን ተለወጠ። ወይዘሮ ባሎቴ ዝምተኛ ሆኑ። ማዕድ ሲቀርብ “እናንተ ብሉ” ይላሉ። የራሳቸው ወንበር ላይ ለመቀመጥ “ልቀመጥበት?” ብለው ይጠይቃሉ። ሳጥኑን “ልጁ” ማለት ተዉ። አንድ ቀን ሰናይት ወጥ ቤት ምናሴ ዘንድ መጣችና በሩን ዘጋችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

“እማዬ ሶዶ ወንድሜ ጋ ልሂድ አለችኝ። ለምን ብላት ‘ከሰው ቤት ብዙ መቀመጥ ጥሩ አይደለም’ አለች። የሰው ቤት! ምን አድርገናት ነው?”

ወንድማቸው የሚኖሩት ከሶዶ ራቅ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። በአቅራቢያቸው የዓይን ሐኪም የለም፤ ማታ ማታ ጠብታውን የሚያደርግላቸውም ሰው የለም። ምናሴ እዚያ ሄዱ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገባው። ወደ ክፍላቸው ሄዶ በሩን አንኳኳ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ልብሳቸው ታጥፎ ከጎናቸው ተቀምጧል። እሱም ወለሉ ላይ፣ እግራቸው አጠገብ ተቀመጠ።

“እማማ፣ ያስቀየምኩዎት ነገር ምንድን ነው? ይንገሩኝ። ልቤ ይሰበራል ብለው እንዳይተዉት። ባለፈው ስለተዉት ነው ዓይንዎ የተጎዳው።”

እጃቸውን ከታጠፈው ልብስ ላይ አነሡ። ከዚያ ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ።

“እኔ እዚህ አገር ስመጣ ልጅ እግር ሙሽራ ነበርኩ። አማርኛ አልሰማም። የባሌ ቤተሰቦች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ግን ሲጫወቱ እርስ በርሳቸው ነው። እኔን የፈለጉኝ እንደሆነ ወላይትኛ የምትችል አንዲት የጎረቤት ሠራተኛ ይጠሩና ‘ምግብ ቀርቧል በያት’፣ ‘ውኃ ታምጣ በያት’ ይሏታል። በሰው አፍ ነበር የምጠራው። ሲስቁ በምን እንደሳቁ አላውቅም። አማርኛ የተማርኩት አብሬያቸው ለመሳቅ ነው። አንድ ቀን አማቴ በገዛ አፏ ‘ባሎቴ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ’ አለችኝ። ወደዚያ ቤት የገባሁት የሠርጌ ቀን አይደለም፤ ያን ቀን ነው።”

ምናሴ አንገቱን ደፋ።

“የእኔ ልጅ ‘እማዬ’ ብላ ትጠራኝ ነበር። አንድ ቀን ብነሣ ድምፅዋ የለም። የማላውቃት ሴት በወላይትኛ ታዘኛለች። አንተ አትሰማውም፤ ሰናይትም አትሰማውም። ለእኔ ብቻ ነው የሚነገረው። እንግዳ መሆኔን የነገራችሁኝ መሰለኝ።”

“የእርስዎ ቋንቋ ነው ብዬ እኮ ነው እማማ።”

“ነው እንጂ። ጸሎቴን የማደርሰው በእሱ ነው። አማርኛውም የእኔ ነው፤ ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው። አንዱን ብቻ ያዢ ያለኝ ማን ነው?” አሉና ወደ እሱ ጎንበስ አሉ። “እኔን መጠየቅ ያን ያህል ይከብድ ነበር?”

“የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር” አለ ምናሴ። “የጠየቅኩት ግን ማሽኑን ነው። ቀጥሎ ደግሞ የተወለዱበትን አገር ጠየቅኩ። እርስዎን አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም።”

ወይዘሮ ባሎቴ እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ነካ አደረጉት። “እንግዲያው አሁን ጠይቀኛ” አሉት።

ላይብረሪው ምርጫን የሚያየው በየዘርፉ ከፋፍሎ ነበር፤ የንግግሩን ለብቻ፣ የሰዓቱን ለብቻ፣ የቁጥሩን ለብቻ። ምናሴ ይህን ዘመኑን ሙሉ ሲያውቀው የባለሙያ ጣጣ እንጂ የሰው ጠባይ አድርጎ አይቶት አያውቅም። አሁን ግን አንድ በአንድ ጠየቃቸው።

“ሳጥኑ ሲያናግርዎት በምን ቋንቋ ይሁን?”

“በአማርኛ። በሰናይት ድምፅ። ‘እማዬ’ የምትለውን እንዳትነካት።”

“ሰዓቱስ?”

“ከንጋት የሚጀምረው። ሌላ ሰዓት አላውቅም።”

“ጠብታው ገብቶ ዓይንዎን ሲጨፍኑስ፣ ሲቆጥር? እሱም በአማርኛ ነዋ?”

ወይዘሮ ባሎቴ ትንሽ ያፈሩ ይመስላሉ። “እሱ በወላይትኛ ይሁን” አሉ። “እናቴ እንሰት ስትተክል ከኋላዋ እየሄድኩ ችግኙን ስቆጥር ነው ቁጥር የተማርኩት። ገበያ ላይ በአማርኛ እቆጥራለሁ። ዓይኔን የጨፈንኩ እንደሆነ ግን አማርኛው ይጠፋብኛል፤ የምቆጥረው በእናቴ ቋንቋ ነው። በፊት ሳጥኑ በአማርኛ ሲቆጥር እኔ በሆዴ እየተረጎምኩ ነበር የምከተለው።”

ምናሴ ይህን ከማንም ሊሰማው አይችልም ነበር። ሚስቱ እንኳ አታውቀውም። “በማን ድምፅ ይሁን?” አላቸው። “በአበራሽ?”

“በእኔ። ሰናይትም አጠገቤ ሆና ትስማ።”

እሑድ ከምሳ በኋላ ሦስቱም ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ወይዘሮ ባሎቴ በምናሴ ስልክ እየተቀዱ ቀስ እያሉ መቁጠር ጀመሩ። ሰናይት ከሥር ከሥር እየተከተለች ትላለች፤ እሳቸው እጃቸውን አንሥተው ያስቆሟትና ያርሟታል። ምናሴ ሲሞክር አንደበቱ ስለተሳሰረ እናትና ልጅ አብረው ሳቁበት። የተቀዳው በሳቅ ስለተበላሸ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሰናይት በዚያ ዕድሜዋ፣ ከገዛ እናቷ አፍ፣ አያቷ እርሻ ውስጥ ይቆጥሩበት የነበረውን ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ተማረች። “እስከ ዛሬ ለምን አላስተማርሽኝም?” ብላ ብትጠይቃቸው “ጠይቀሽኝ አታውቂም” አሏት።

ታጥፎ የነበረው ልብስ ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ። ሶዶ የመሄድ ነገር ከዚያ በኋላ ተነሥቶ አያውቅም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟ ግፊቱ መውረዱን ነገረቻቸው። የቀረው እይታ ባለበት ቆሟል። የጠፋው ግን እንዳለችው አልተመለሰም፤ የቀኝ ዓይናቸው ዳር እንደጨለመ ቀረ። ወይዘሮ ባሎቴ በዚያ በኩል የሚመጣውን ሰው አያዩም፤ ትከሻቸውም በር ሲገቡ አልፎ አልፎ መቃኑን ይነካል። ምናሴ ያን ባየ ቁጥር ባለበት ይቆማል። እሳቸው ደግሞ የእርምጃውን መቆም ሰምተው ያውቁበታል። “በቃ ተወው፤ ሂድ ሥራህን ሥራ” ይሉታል።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት “እማማ፣ ሳጥኑ አሁንም እንደዚሁ ይሁንልዎት?” ብሎ ጠየቃቸው።

“ለጊዜው ጥሩ ነው” አሉ። “የጠላሁት ዕለት እነግርሃለሁ።” አሁን እንደሚነግሩት ምናሴ አልተጠራጠረም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማሽኑ አንድም ጊዜ አልዋሸም። የመረጠ ሰው ስላልነበረ የራሱን ልማድ ሰጠ። ስሕተቱ ያንን ልማድ የሰው ፍላጎት አድርጎ መቀበል ነበር። ብዙዎቻችን ከሰው ጋር የምንኖረው እንዲህ ነው። ዝም ያለን ሰው የተስማማ ይመስለናል፤ ቅር ሲለው ደግሞ የትውልድ አገሩን፣ ዕድሜውን ወይም ወገኑን እናይና ፍላጎቱን ያወቅንለት ይመስለናል። ሁለተኛው ስሕተት በፍቅር ስለሚሠራ ለማየት ይከብዳል። ሰው ግን በአንድ ቃል ተጠርቶ የሚያልቅ አይደለም፤ በአንዱ ቋንቋ ይስቃል፣ በሌላው ይቆጥራል፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የምንወደውን ሰው ራሱን እንጠይቅ። ቅር እንዳይለን ብሎ እውነቱን እንዳይደብቀንም፣ “አልወደድኩትም” ቢለን እንደማንቀየመው አስቀድመን እናሳየው።

እስቲ አንተም አንቺም አስቡት፤ አብሯችሁ ለሚኖረው ሰው እስከ ዛሬ ከመረጣችሁለት ነገር ውስጥ ስንቱን ጠይቃችሁታል?